የጋሽ ተክለወልድ የፊት መስታወት

በገበያ ቀን ከአሰላ ወደ ሳጉሬ የሚሄድ ሰው ጋቢና ካገኘ ዕድለኛ ነው። እኔም በዚያ የኅዳር ማለዳ የጋሽ ተክለወልድ ላንድክሩዘር የጋቢና በር ሲከፈትልኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው የገባሁት። ስሜ ግዛቸው ይባላል፤ የትምህርት ተቆጣጣሪ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ አሰላ ከመጣሁ ወዲህ የወረዳ ትምህርት ቤቶችን ለማየት ስዞር ያልተሳፈርኩበት መኪና፣ ያልዋጥኩት አቧራ የለም። ከኋላ ትይዩ በተሠሩት አግዳሚዎች ላይ ከሽንኩርት ጆንያና እግራቸው ከታሰረ ዶሮዎች ጋር ተፋፍጌ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! ስለዚህ ያን ቀን የተከበርኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ በጋሽ ተክለወልድ መኪና ውስጥ መስኮት ዳር የሚቀመጥ ሰው ሥራ አለው።

በእኔና በሾፌሩ መካከል አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። መኪናው እስኪሞላ ስንጠብቅ ተዋወቅን። ዳናዊት ትባላለች፤ አሰላ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የአውቶሞቲቭ አስተማሪ ናት፤ ሳጉሬ የምትሄደው አክስቷን ለመጠየቅ ነው። ጋሽ ተክለወልድ ይህን ሲሰሙ ዞር ብለው አዩዋትና፣

«መኪና ነው የምታስተምሪው? እንግዲህ ዛሬ ተፈታኝ መሆኔ ነው» አሏት።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ሲነዱ እኔ መቼ ተወልጄ!» ብላ ሳቀች።

ጋሽ ተክለወልድ በአርሲ መንገዶች ላይ የሸበቱ፣ ከአፋቸው ክፉ ቃል የማይወጣ ሽማግሌ ናቸው። ረዳታቸው ሁሴኖም ቢሆን ልጅ እግር አይደለም፤ ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ የልጆች አባት ነው። ሁለቱ ሲነታረኩ ለሚሰማቸው የሚጣሉ ይመስላል እንጂ አንዱ ሲታመም ሌላው ሥራ አይገባም።

ተነሳን። ኅዳር በአርሲ የአጨዳ ወር ነው። ኮምባይነሩ በየማሳው ላይ ያጓራል፣ በሬው በየአውድማው ላይ ይዞራል፣ የስንዴው ገለባና ብናኙ መንገዱን አልፎ የመኪናው አፍንጫ ላይ ይለጠፋል። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ፀሐይ በጭላሎ ተራራ ትከሻ ላይ ብቅ አለችና ከግራ በኩል ፊታችንን መታችን። የዚያን ጊዜ የመኪናው የፊት መስታወት ወተት እንደተደፋበት ሁሉ ነጭ ሆነ። መንገዱ ጠፋ። ጋሽ ተክለወልድ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ አንገታቸውን ወደ መሪው አሰገጉ፣ በመጨረሻም ጭንቅላታቸውን በመስኮቱ አውጥተው በዚያ ብርድ መንዳት ጀመሩ።

«ወንድሜ» አሉኝ ወደ ጋቢናው እየተመለሱ፤ «ከእግርህ ሥር ያለውን ሃይላንድ አንሳልኝማ።»

ሊጠጡ የፈለጉ መስሎኝ ክዳኑን ከፍቼ አቀበልኳቸው።

«አይ፣ ለእኔ አይደለም። እጅህን በመስኮቱ አውጣና መስታወቱ ላይ ድፋበት። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርግልኝ።»

የተማረ ሰው ነኝና ለምን ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ሽማግሌ ሲያዝ እሺ ማለት ለምዶብን የለ? ክንዴን አውጥቼ ደፋሁ። ግማሹን ውሃ ነፋሱ መልሶ እጅጌዬ ውስጥ ከተተው። ግማሹ መስታወቱ ላይ ፈሰሰ። ጋሽ ተክለወልድ ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱት፤ እሱም ያንን ሁሉ ብናኝ ከውሃው ጋር ለውሶ ከዳር እስከ ዳር ጭቃ ቀባልን። አሁንማ ነጩም ጠፋ፤ ቡናማ ግድግዳ ፊት ለፊታችን ቆመ።

«ጋሼ! ጋሪ!» ብላ ዳናዊት ጮኸች።

ፍሬኑ በድንገት ተያዘ። ከኋላ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፣ ዶሮ ጮኸ፣ አንዲት ሴት የማርያምን ስም ጠራች። ጋሽ ተክለወልድ ጭንቅላታቸውን ሲያወጡ የገብስ ጆንያ የጫነ የፈረስ ጋሪ ከመኪናው ፊት በክንድ ርቀት ላይ ነበር። ባለጋሪው በኦሮምኛ የሚገባንን ያህል ሰደበንና ፈረሱን እየደባበሰ አለፈ። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጋሽ ተክለወልድ መኪናውን ከመንገዱ አውጥተው ሞተሩን አጠፉና ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

«አያችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «በቃኝ። ዛሬ የመጨረሻ መንገዴ ነው። ሳጉሬ ውስጥ ሙህሲን የሚባል ነጋዴ ይጠብቀኛል፤ መኪናውን ሊወስድ ተነጋግረናል። ዓይኔ አልቋል ልጆቼ። የሰው ነፍስ ሳላጠፋ ልቁም።»

ሁሴኖ ወርዶ በመስኮቱ ሲሰማ ነበር። አንገቱን ደፋ። ሥራውን የሚወድ ሰው በገዛ እጁ ሥራውን ሲጥል ማየት እንዴት ያሳዝናል! ዳናዊት ግን ዝም የምትል ሴት አልነበረችም።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ሐኪም አይቶት ያውቃል?»

«ሐኪም ምን ይለኛል? እርጅና ነው ይለኛል። ይህንንማ እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዓይንዎ እንደደከመ በምን አወቁ?»

«እንዴት በምን አወቅሁ? አሁን አላየሽኝም? ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ዓለም ሁሉ ጉም ይሆንብኛል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከፊቴ የሚመጣ መኪና መብራት ሲያበራ ምንም አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከቀን ወደ ቀን እየባሰብኝ ነው።»

«ይህ ነገር ቤትዎ ሲቀመጡም ይሆንብዎታል?»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ቤትማ ምን ሩቅ የማየው ነገር አለ? ያለሁት እዚሁ መሪ ላይ ነው።»

ዳናዊት ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ነገሩ የገባት እሷ ናት፤ እኔ ገና እጅጌዬን እየጨመቅሁ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አለች፤ «ሃይላንዱን ተዉትና፣ የመኪናው የራሱ ውሃ መርጫ ለምን አይሠራም? ማስነሻው ይኸው እዚህ ነው።» እጇን ከመሪው ጎን ወዳለው እጀታ ሰደደች።

«እንዳትነኪው!» ብለው እጇን ቀብ አደረጉት። ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሰው መጮሃቸው ሁላችንንም አስደነገጠን። እሳቸውም ደነገጡ። «ይቅርታ ልጄ። አላወቅሽም። እዚያ ውስጥ ያለው ጠበል ነው።»

«ጠበል?»

«ጠበል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ መኪና ከድልድይ አፋፍ ላይ ተንሸራቶ ነበር። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመልኝ። ባለቤቴ ሙሉዬ ይህን ስትሰማ ሩቅ ገዳም ድረስ በእግሯ ሄዳ ጠበል ይዛልኝ መጣች። መኪናውን ረጨነው። የተረፈውን የት ላድርገው? መኪናው ውሃ የሚይዝበት ዕቃ አለው፤ እዚያ ጨመርኩት። ከእኔ ጋር ይሂድ፣ ይጠብቀኝ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን እጀታ ነክቼው አላውቅም። ብነካው ጠበሉ አስፋልት ላይ ይፈሳል፣ ከብትና አህያ ይረግጠዋል። ይህ ነውር ነው።»

እዚህ ላይ የአንባቢዬን ፈገግታ አየዋለሁ። ሆኖም ቶሎ አንሳቅ። ሽማግሌው ያደረጉት ከፍቅርና ከአክብሮት የመጣ ነው፤ ባለቤታቸው በእግሯ ያመጣችውን ነገር ማን ይደፋል? ጥፋቱ አክብሮቱ ላይ አይደለም፤ የከበረውን ነገር ያለ ቦታው አስቀምጦ የመኪናውን ሥራ መከልከሉ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት በስድብና በፌዝ አይቃናም። ዳናዊትም ይህን የምታውቅ መሆኗን ከአነጋገሯ አየሁ።

«ጋሼ፣ ስለ ጠበሉ ቆይተን እንነጋገራለን። አሁን አንድ ነገር ብለምንዎ እሺ ይሉኛል?»

«ምንድን ነው?»

«ከመኪናው ይውረዱና ያንን አውድማ ይመልከቱልኝ።»

ወረድን። መኪናው ፊቱን ወደ አንድ ዳገት አዙሮ ነው የቆመው። ዳገቱ ላይ፣ ራቅ ብሎ፣ በሬዎች ገብስ ያበራያሉ። ገበያተኞቹም ከኋላ እየወረዱ ተሰበሰቡ፤ አንዷ «ገበያው እኮ ሊሞላ ነው፣ ቲማቲሜ!» እያለች ታጉረመርማለች።

«ምን ይታይዎታል ጋሼ?»

«በሬዎች ናቸዋ። አራት ናቸው። ዳር ያለው ቀዩ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።» ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ግራ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ሰውየው አለንጋውን በግራ እጁ ነው የያዘው።»

እኔ መነጽሬን አስተካክዬ ብመለከት በሬው ቀይ መሆኑን እንጂ ቀንድ መኖሩን እንኳ አላየሁም። ሁሴኖ ግን «እውነት ነው፤ የታጠፈ ነው» ብሎ መሰከረ።

«አሁን ይግቡና መሪዎ ላይ ሆነው ያንኑ በሬ ያሳዩኝ» አለች ዳናዊት።

ሽማግሌው ገቡ። በሩን ዘጉ። በመስታወቱ ውስጥ አዩ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቀና ብለው አዩ። እኛ ውጭ ሆነን እንጠብቃለን። ብዙ ቆዩ።

«በሬው የት ሄደ?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ተክለወልድ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት ላይ፣ አንዱን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ተቀመጡ። አንዴ በውጭ ዳገቱን ያያሉ፣ አንዴ በመስታወቱ። ያንን ደጋግመው ሲያደርጉ የነበራቸውን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ሕፃን የሆኑ መሰለኝ።

«እንግዲያው መስታወቱ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«መስታወቱ ነው ጋሼ። ዓይንዎን ሐኪም ቢያየው እወዳለሁ፤ እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህ መስታወት የንሥር ዓይን ያለውንም ሰው ያሳውራል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝናብ መጥረጊያው ደረቅ አቧራ ላይ ሲፋጭ ኖሯል። ይኸው ይመልከቱት፣ ላስቲኩ ተቆራርጧል፣ መስታወቱንም ቧጭሮታል። ፀሐይ ስትመታው ያ ጭረትና ያ ብናኝ ብርሃኑን ይበትኑታል፤ ጉም የሚመስልዎት እሱ ነው።»

«ገባኝ ልጄ» አሉ። ደስታ ግን ፊታቸው ላይ አልታየም። «ቢሆንም ጠበሉን መንገድ ላይ አልረጭም። መኪናውን ብሸጥ ይሻለኛል።»

ይህን ጊዜ እኔ ተናደድኩ። ደግነቱ ዳናዊት ቀደመችኝ።

«ኮፈኑን ልክፈተው?»

«ክፈቺው፤ ዕቃውን ግን እንዳትደፊው።»

ከፈተችው። የውሃው መያዣ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ ላይ ጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁን ስታነሳው ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ላዩ ላይ ገለባና የሞተ ዝንብ ይንሳፈፋል፣ ሥሩ ላይ እንደ አተላ የመሰለ ዝቃጭ ተኝቷል። ከዚያ የሚወጣው ቀጭን ቱቦም ያንኑ አተላ ጠጥቶ ተደፍኗል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቀርበው ይመልከቱት።»

ቀርበው አዩ። አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። «ይህ የእኔ ጠበል ነው?»

«ጠበሉንማ እኔ አልናገርም። የገባበት አቧራና ገለባ ግን ጠበል አይደለም። ቆሞ የቀረ ውሃ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል።»

«መምህር፣ አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «የጎጃም፣ የሃይማኖት አገር ሰው ነህ።»

«አባቴ ካህን ነበሩ» አልኳቸው። «ጠበል ለታመመ ያጠጣሉ፣ ይረጫሉ፣ ያጠምቃሉ። የተረፈውን እግር በማይረግጠው ስፍራ ያፈሱታል። ሁለት ዓመት በቱቦ ውስጥ ሲያስሩት ግን አላየሁም። እርስዎ ያከበሩት መስሎዎት ነው፤ ግን ይመልከቱት፣ ይህን አሁን ለሙሉዬ ቢያሳዩዋት ምን ትላለች?»

ሁሴኖም ጺሙን እየዳበሰ ገባበት። «ጋሼ፣ እኛም ዘምዘም አለን። አጎቴ ከሐጅ ሲመለስ ያመጣውን ሁላችንም በሲኒ በሲኒ ቀመስን፤ የታመመች እናቴንም ፊቷን አበስንላት። ዋላሂ፣ መኪና ውስጥ እንጨምረው ያለ ሰው አልነበረም!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ተክለወልድም ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ግን ስልካቸውን አወጡ። «ለሙሉዬ ሳልነግር ምንም አላደርግም» አሉ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉና ነገሩን ከጋሪው ጀምረው እስከ አረንጓዴው ውሃ ድረስ ነገሯት።

«ተክሌ» አለች፤ «እኔ እሱን ያመጣሁት አንተን እንዲጠብቅልኝ ነው። አንተ ደግሞ በእሱ ምክንያት ሳታይ ትነዳለህ? ሰው ልትገድልብኝ ነው? በል አሁኑኑ ደህና ቦታ ላይ አፍስሰው። ሌላ አመጣልሃለሁ፤ እሱን ግን በንጹሕ ጠርሙስ ትይዘዋለህ። ደግሞ መኪናውን ሸጠህ ቤት ውስጥ ስትነጫነጭ ልትውልብኝ ካሰብክ እኔ የለሁበትም።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ተክለወልድ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያም «በሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ።

ከመንገዱ ወጣ ብሎ በድንጋይ የታጠረ፣ አንድ ትልቅ ጥድ ያለበት ቦታ ነበር። ዳናዊት ቱቦውን ነቅላ ያንን ውሃ በጀሪካን ተቀበለችው፤ ዝቃጩንም ምንም ሳታስቀር አወጣችው። ጀሪካኑን ግን እሷም ሁሴኖም አልያዙትም። ሽማግሌው ራሳቸው ይዘው አጥሩን ተሻገሩ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው በዛፉ ሥር አፈሰሱት። የቲማቲም ነጋዴዋም ነጠላዋን አስተካክላ «አሜን» አለች።

ከዚህ በኋላ ሥራ ሆነ። ሁሴኖ ከቅርብ የቦኖ ቧንቧ ንጹሕ ውሃ አመጣ። ዳናዊት መያዣውን ደጋግማ አለቀለቀችው፣ ቱቦውን በአፏ ነፍታ ከፈተችው፣ መርጫ ቀዳዳዎቹን ከአንዲት ገበያተኛ በተቀበለችው መርፌ አጸዳቻቸው። እጇ እየሠራ አፏ አያርፍም፤ አስተማሪ መሆኗ ያኔ ታወቀኝ።

«ውሃውን በነጠላ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መጨመር ነው፤ የወንዝ ውሃ አሸዋ አለው፣ አሸዋው ፓምፑንም መስታወቱንም ይበላል።»

«ትንሽ ኦሞ ቢጨመርበትስ?» አለች የቲማቲም ነጋዴዋ። «እኔ ጋ አለ።»

«እናመሰግናለን እናቴ፣ ግን አይሆንም። ኦሞ አረፋ ያበዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ኖራ ቀዳዳው ላይ ይቀራል። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ አለ። እሱ ከጠፋ ንጹሕ ውሃ ብቻውን ይበቃል።»

«እዚህ ደጋው ላይ ሌሊት ውርጭ አለ እኮ» አሉ ጋሽ ተክለወልድ። አሁን የሚጠይቁት ሊከራከሩ ሳይሆን ሊያውቁ ነበር። «ጠዋት ጠዋት የባልዲ ውሃ እንኳ በረዶ ሆኖ ይጋገራል።»

«ደህና አሉ ጋሼ። ውሃ ሲጋገር ያብጣል፣ መያዣውንም ይሰነጥቀዋል። ፈሳሹን ሲገዙ ውርጭ የሚችል ይበሉ። ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን በውርጭ ወር እስከ አፉ አይሙሉት፤ ማታ ሲያቆሙም ጎደል አድርገው ይተዉት። ባዶ ሆኖ ሳለ ደግሞ እጀታውን አይጫኑ፤ ፓምፑ ውሃ ካላገኘ ይቃጠላል። ጠዋት ከመነሳትዎ በፊት የዝናብ መጥረጊያውን ላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ክዳንም ይግዙ። ይህ ጨርቅ ይቅር።»

የመስታወቱን ውስጡንም ውጭውንም አጠበችው። ለካ ከውስጥም በትንፋሽና በአቧራ ቆሽሾ ኖሯል። ከዚያም «በሉ ጋሼ፣ ይጫኑት» አለች።

ተጫኑት። ምንም የለም። እንደገና ተጫኑ። ጸጥ አለ። የሽማግሌው ፊት ወዲያው ጠቆረ፤ «ነገርኩሽ፣ ሞቷል» አሉ። ዳናዊት መልስ ሳትሰጥ ኮፈኑ ውስጥ ገባች። «ሁለት ዓመት ሳይንቀሳቀስ ተይዞ ነው» አለችና ፓምፑን ሁሴኖ ባቀበላት መፍቻ እጀታ ቀስ ብላ ኳ ኳ አደረገችው። «አሁን!»

እንደ ንብ ዝዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ ቀዳዳው ቡናማ ነገር ተፋ፤ ቀጥሎ ውሃው ሁለት ቀጭን ቅስት ሠርቶ መስታወቱ ላይ አረፈ። ሁሴኖ እጁን አጨበጨበ። ጋሽ ተክለወልድ ሳያቋርጡ ሲጫኑ ዳናዊት «ኧረ ጋሼ፣ በየጥቂቱ! ይሞቃል!» ብላ ከለከለቻቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ትንሽ ታገሠኝና የሆዴን ልናገር። ይህ ሁሉ ንግግር ስለ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው ልትል ትችላለህ። ነው። ግን ያ ቱቦ በመደፈኑ አንድ ባለጋሪ ከነፈረሱ ሊጠፋ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች የሚሻገሩበት መንገድ ላይ አንድ ሰው በጭፍን ይነዳ ነበር፤ አንድ ሽማግሌም ዕድሜውን የሰጠውን ሥራ በገዛ ዓይኑ አሳብቦ ሊተው ነበር። ቱቦው ሲከፈት ሾፌሩ አንገቱን ለብርድ አያወጣም፣ ላስቲኩ ዕድሜ ያገኛል፣ መስታወቱ አይጫርም፣ ጋቢና የሚቀመጠውም ሰው እጅጌው ይደርቃል። መኪናን መንከባከብ ሞተሩንና ጎማውን ማየት ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፤ የምናይበትን ነገር ማጽዳት ግን እንረሳለን። ሃይላንድ ይዞ በመስኮት ማፍሰስም ብልሃት አይደለም፤ ችግሩን ማቆየት ነው። ጋሽ ተክለወልድ ኋላ አሰላ ሐኪም ቤት ሄደው ዓይናቸውን ታይተዋል። ለንባብ መነጽር ታዘዘላቸው፤ ሩቅ ለማየት ግን ምንም እንደማያስፈልጋቸው ነው የተነገራቸው። የተጫረውንም መስታወት ለውጠዋል። የሙሉዬ አዲሱ ጠበል ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ ሆኖ ቤታቸው ካለው ቅዱስ ሥዕል ሥር ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት ከእሱ ፊታቸውን አብሰው ነው የሚነሱት።

ወደዚያ ማለዳ ልመለስ። ሁላችንም ተሳፈርን፣ ተነሳን። ፀሐይዋ እንደነበረች ፊታችን ላይ ናት። ጭረቱ አልጠፋም፣ ሆኖም መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ የስንዴው ማሳ፣ ከሩቅ የሚመጡት አህዮች፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ያረፈችው ወፍ ሳትቀር። ጋሽ ተክለወልድ አሁን ወደ መሪው አላሰገጉም፤ ወንበራቸውን ደገፍ ብለው ነው የሚነዱት።

«ሁሴኖ!» ብለው ወደ ኋላ ተጣሩ። «ለሙህሲን ደውልለት። ተክለወልድ ይቅርታ ይጠይቅሃል፣ መኪናው አይሸጥም በለው።»

«ቶሌ! እሺ ጋሼ!» አለ ሁሴኖ። ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ መደበቅ አልቻለም።

ጥቂት እንደሄድን መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ። ከመንገዱ ወጣ፣ ቆመ። ዳናዊት ደነገጠች። «ምነው ጋሼ? መርጫው እምቢ አለ?»

ጋሽ ተክለወልድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው ነበር። የጋቢያቸውን ጫፍ ይፈልጋሉ።

«እሱስ ደህና ነው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ዓይን ስረግመው ነበር ልጄ፤ ምንም ሳያጠፋ። አሁን ግን የእውነት እሱ ነው የጋረደኝ። እስኪጠራልኝ ትንሽ ታገሡኝ።»

ከኋላ ያሉት ገበያተኞችም፣ ያቺ የቲማቲም ነጋዴ ሳትቀር፣ እንሂድ ሳይሉ ጠበቋቸው።